ጠላ ቤቱ ተከፈተ፤ ሃይላንዱ ግን ከእጃችን አልወረደም



ኮሮና አገራችን ገባ ከተባለ በ2013 ዓ.ም. ድፍን አንድ ዓመት ሞላው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ በመጣ አንድ ጃፓናዊ ተጀመረ፤ በዓመቱ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የክትባቱ ዘመቻ ተጀመረ። «አንድ ሰው ተገኘ» ብለን የጀመርነው ቁጥር ያኔ ከ150 ሺህ አልፎ ነበር። ከ2 ሺህ በላይ ወገናችንን ቀብረን ነበር። በዚያ ሰሞንም እንደገና እያሻቀበ ነበር።

ስለ ኮሮና ሲነሳ ስለ ማስክ ይወራል፣ ስለ ትምህርት ቤት ይወራል፣ ስለ ምርጫ ይወራ ነበር። ስለ መጠጥ ግን ማንም በቁም ነገር አያወራም ነበር። እኔ ዛሬ የማነሳው እሱን ነው። «ሥራ ስለሌለው ስለ ጠላ ይጽፋል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሥራ የለኝም። ዲግሪ አለኝ፣ ዓይን አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ለማየት ደግሞ ከእኔ በላይ ጊዜ ያለው የለም።

ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁና ከዚያ ላብራራ። ኮሮና ሲመጣ አጠጣጣችን ተለወጠ። ከለወጥነው ውስጥ ጥሩው ቶሎ ጠፋ፣ መጥፎው ግን ቀረ። የራስን ጣሳ መያዝ ጠፋ፤ እጅ መታጠብ ጠፋ፤ በጊዜ ወደ ቤት መግባት ጠፋ። የቀረው ሃይላንዱ ነው። በሃይላንድ የተቀዳ አረቄ ከጃኬት ስር ይዞ፣ ብቻን ወይም ሁለት ሆኖ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ መጠጣት። ይሄ ከማሻ እስከ መካነ ሰላም ያለን ወጣቶች ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ዝም ስላልን አልጠፋም።

ጠላ ቤት ምን ነበር?

ከሩቅ ሆኖ ለሚያየን ጠላ ቤት ማለት የሰካራም መዋያ ነው። አይደለም። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ስታይ፣ እዚያ ውስጥ መጠጥ ብቻ አይደለም ያለው። የበሬ ዋጋ እዚያ ይሰማል። ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከአረብ አገር ተመለሰ፣ እዚያ ይሰማል። የተጣላ እዚያ ይታረቃል፤ ደቦ የሚወጣው እዚያ ይቀጠራል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ያሉት አባቶቻችን ዝም ብለው አይደለም። ሰው በሆዱ የያዘውን የሚያወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ጠላ ደግሞ ተቻኩሎ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ በቅሎ፣ አሻሮው ተቆልቶ፣ ተጠንስሶ ተደፍድፎ ቀናት የወሰደ ነገር ነው። አልኮሉም ብዙ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። በጣሳ ይዘህ ቁጭ ትላለህ፣ ታወራለህ፣ ታዳምጣለህ። ከዚያ ሌላው ይገባል፣ ትጠጋለታለህ።

የእስልምና ተከታይ የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼም «ይሄ እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። ወሎ ውስጥ ነን። ጠላ ያለበት ድግስ ላይ ቀሪቦም አለ። ጠላ በሌለበት ቤት ቡናው አለ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ወዳጃው አለ። አብሮ የመቀመጥ ነገር ሲነሳ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ጀበናውም እንደ ጋኑ ያን ዓመት ብቻውን ቀርቶ ነበር።

ሕጉ ጠረጴዛ አሰበ፣ እኛ ግን መደብ ነው ያለን

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት አጋማሽ ላይ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ተዘጉ። በወሩ ማብቂያ አካባቢ በክልላችን ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተከለከለባቸው። መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ምግብና መጠጥ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድ ክልክል ሆነ። የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት።

እኔ አዋጁ መውጣቱን አልቃወምም። በሽታው እውነት ነው። ጽኑ ሕሙም ቢገኝ መንገዱ ወደ ደሴ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ በአቀስታ በኩል የሄደ ያውቀዋል። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ያን መንገድ እስኪጨርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠንቀቅ ግድ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ?

ግን ሕጉን የጻፈው ሰው በአእምሮው የነበረው ሬስቶራንት ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አስተናጋጅ። ጠላ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ግድግዳውን ተከትሎ የሄደ መደብ ነው ያለው። መደብ ላይ «ሦስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለዚህ ለጠላ ቤት የሚሆን መመሪያ ስለሌለ የቀረው አንድ ምርጫ ብቻ ነበር፤ መዝጋት። ሆቴሉ ወንበሩን አራርቆ ሥራውን ቀጠለ፤ እትዬ ጋኗን ከድና ቁጭ አለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ግሮሰሪው ለሁለት ወር ቢዘጋ ከኮምቦልቻ የመጣው ቢራ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ጠላ አይጠብቅም። ውኃ ገብቶበት ከተጠለለ በኋላ ቀናት ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ ይኮመጥጣል። ጌሾው በብር ተገዝቷል፣ ገብሱ በብር ተገዝቷል፣ እንጨቱ በብር ተገዝቷል። ብዙዎቹ ጠማቂዎች ደግሞ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ፣ ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው።

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ስንቶቻችን ነን በጠላ ብር የተማርነው? ደብተራችን፣ ጫማችን፣ ዩኒቨርሲቲ ስንሄድ የተሰጠን የትራንስፖርት ብር ከየት መጣ? ጋውን ለብሰን ፎቶ ስንነሳ ከጎናችን የቆሙት እናቶች እጅ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ስለዚህ ስለ ጠላ ቤት ስናወራ ስለ ማን እንደምናወራ አንርሳ።

ሰው እንዴት ተላመደ?

ሰው መላ አያጣም። እኔ በሰፈራችን ያየሁት ይሄን ይመስላል።

አንደኛ፣ የፊት በር ተዘጋ፣ የጓሮ በር ተከፈተ። ጣሳው ከእንጨቱ ላይ ወረደ፤ ቤቱን የሚያውቅ ግን ያውቀዋል። ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ መስኮት ተዘግቶ ይጠጣል። እስቲ አስቡት፣ አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው። ከበሽታው ለመሸሽ የወጣው ደንብ ሰውን ለበሽታው ወደሚመቸው ቦታ አስገባው።

ሁለተኛ፣ የራስ ጣሳ መጣ። ይሄኛው ጥሩ ነበር። ጠጪው ከቤቱ ኩባያውን ይዞ ይመጣል፣ ጠጥቶ ይዞ ይሄዳል። ቀጂዋ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ የመቅመሷ ልማድም ቀረ። ዋንጫ ከአፍ ወደ አፍ ማስተላለፍ ቀረ። አንዳንድ እናቶች ጣሳውን በፈላ ውኃ ማጠብ ጀመሩ። ደጅ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ቁራጭ ሳሙና ተቀመጠ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት ተለወጠ። ማታ ይሰበሰብ የነበረው ሰው ቀን መጠጣት ጀመረ፤ ማታ ቁጥጥር አለ፣ ቀን የለም። ገበሬው እንኳ ሥራ አለው፣ ይሄዳል። ቀን ሥራ የሌለው ማን ነው? እኛ ነን። ተመርቀን የተቀመጥን፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ወደ ቤት የተላክን። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሳይቀር ቆሞ ዲኤስቲቪ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ወጣቱ ቀኑን የሚገፋበት ነገር አልነበረውም።

አራተኛ፣ «ይዞ መሄድ» መጣ። መጀመሪያ በጀሪካን ነበር፤ ጎረቤት ተዋጥቶ አምስት ሊትር ጠላ ያስቀዳና ቤቱ ይካፈላል። ከዚያ በሃይላንድ ሆነ። ሃይላንድ ውስጥ ደግሞ ጠላ አይመችም፤ ይገነፍላል፣ ይኮመጥጣል፣ ብዙ ካልያዝክ አይበቃህም። ለሃይላንድ የሚመቸው አረቄ ነው።

አምስተኛውና ትልቁ ይሄው ነው፤ አረቄ ጠላን ተካው።

አረቄ ለምን አሸነፈ?

ነገሩ ቀላል ነው። አረቄ አይበላሽም። ገዥ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል፤ ፖሊስ ቢመጣ አልጋ ስር ይገባል። ስለዚህ ጋኗ የኮመጠጠባት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ብቅልና ጌሾዋን ለአረቄ ብታውለው ምን ይፈረድባታል? «የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» ነው። ልጅ አላት፣ የቤት ኪራይ አለባት።

ለጠጪው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በቁጥር እንየው። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ አረቄ፣ አረቄው 40 በመቶ ነው ብንል፣ ውስጡ 200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ይሄንን ከቢራ ለማግኘት 4 ሊትር፣ ማለትም ወደ 12 ጠርሙስ ያስፈልግሃል። ከጠላ ለማግኘት፣ ጠላው 3 በመቶ ከሆነ፣ ከ6 ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት አለብህ። ስድስት ሊትር ተኩል ጠላ ጠጥቶ የሚነሳ ጀግና የለም፤ ሆድ ራሱ «በቃ» ይላል። አረቄ ግን «በቃ» የሚል ነገር የለውም። ከኪስህ ታወጣለህ፣ ትጎነጫለህ፣ ትመልሳለህ።

ጠላ ቤት ደግሞ «በቃ» የሚል ሰው ነበረው። አያ እከሌ «አንተ ልጅ፣ አባትህ ይጠብቅሃል፣ ሂድ» ይላል። እትዬ «ለአንተ አልቀዳም፣ ደርሶሃል» ትላለች። ቅር ይልሃል፣ ግን ትሄዳለህ። ሃይላንድ እንደዚያ አይልህም። ሃይላንድ ጋሼም የለው፣ እትዬም የላት።

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው ወገን። በኮሮና ጊዜ ያጣነው መጠጡን አይደለም። መጠጡ እንዲያውም ጨመረ። ያጣነው ጠባቂውን ነው።

«አረቄ ኮሮናን ይገድላል» የሚለው ወሬ

በዚያ ላይ ወሬው ተጨመረበት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ከዚያ በላዩ አንድ መለኪያ አረቄ። «ጉሮሮ ላይ እያለ ይገድለዋል» ተባለ። በፌስቡክ ተሰራጨ፣ በቴሌግራም ተሰራጨ፤ ፊደል የቆጠርነው እኛው ነን ያሰራጨነው።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። እጅ ለማጽዳት የሚያገለግል ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያስፈልገዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል ነው። የእኛ ዳግም አረቄ ራሱ ከ45 በመቶ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እጅ ላይ እንኳ በደንብ የማይሠራ ነገር ሳንባ ውስጥ እንዴት ይሠራል? ከጉሮሮ ወርዶ የሚሄደው ደግሞ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። ብዙ መጠጣት የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል እንጂ አያጠነክርም።

ኢራን ውስጥ በዚያው ሰሞን ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? አልኮል ኮሮናን ይከላከላል የሚል ወሬ ሰምተው ሜታኖል ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የተረፉትም ውስጥ ዓይናቸውን ያጡ አሉ። ወሬ ሰው ይገድላል። ኮሮና ሳይነካቸው ወሬው ገደላቸው።

ሌላው ዓለምስ?

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። አየርላንዶች መጠጥ ቤት ማለት ለእነሱ እንደ እኛ ጠላ ቤት ነው፤ ከትልቁ በዓላቸው ከቅዱስ ፓትሪክ ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብለው ዘጉ። እንግሊዝ በመጋቢት 11 ዘጋችና በሰኔ መጨረሻ ከፈተች። በመሀል ሰዉ በላስቲክ ኩባያ እያስቀዳ መንገድ ላይ ቆሞ መጠጣት፣ በዙም ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጦ «ጤናችን» መባባል ለመደ።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከዚያ አልፋ የአልኮል ሽያጭን ጭራሽ ከለከለች። ምን ሆነ? ሰዉ ቤቱ አናናስና ስኳር እየዘፈዘፈ መጥመቅ ጀመረ። የአናናስ ገበያ ደራ። እርግጥ ነው፣ በክልከላው ጊዜ በስካር ተጋጭተውና ተደባድበው ሆስፒታል የሚገቡት ሰዎች ቀንሰው ነበር፤ ሲፈቀድ ግን ወዲያው ተመልሰው ሞሉት። ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። መጠጥን መቀነስ ሆስፒታልን ያቀላል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን በር መዝጋት ብቻውን ጠጪውን አይለውጠውም፤ የሚጠጣበትን ቦታ ብቻ ይለውጠዋል።

ሲከፈት ምን ተመለሰ?

የ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዋጁ አለቀ። ጣሳው እንደገና እንጨቱ ላይ ተሰቀለ። ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ወደ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ጀሪካኑ ደጅ ላይ አለ፣ ውኃ የለውም። ሳሙናው አልቋል። የራሱን ኩባያ ይዞ የሚመጣ ሰው «ምነው፣ ናቅከን እንዴ?» ይባላል። ጥንቃቄ እንደ ንቀት ተቆጠረ። ይሄ ሁሉ የሆነው ቁጥሩ እንደገና እየጨመረ በነበረበት ሰዓት ነው።

ወጣቱስ? ከፊሉ ወደ መደቡ አልተመለሰም። ሃይላንዱን ለምዶታል። መደብ ላይ ከተቀመጠ ጥያቄ አለ፤ «ሥራ አገኘህ?» «የእገሌ ልጅ ተቀጠረ አሉ፣ አንተስ?» ጥያቄው ከአረቄው በላይ ያቃጥላል። እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙው ተመራቂ ከጠላ ቤት የሚሸሸው ኮሮናን ፈርቶ አይደለም፣ ይሄን ጥያቄ ፈርቶ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» የሚል አንብቦ ተመልሶ ገደል አፋፍ ላይ ይቀመጣል። ልምዱን ከየት ያምጣው? ሃይላንዱ አይጠይቅም። ስለዚህ ሃይላንዱ ጓደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ትልልቆቻችንም አንድ ነገር ይስሙን። «ሥራ ፈት ሰካራም» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ይሄ ልጅ 16 ዓመት ተምሯል። የሚሠራበት ቦታ ያጣው ስለሰነፈ አይደለም። በቀን አሥር ጊዜ «ሥራ አገኘህ?» ከምትሉት አንድ ቀን «ና፣ እርሻው ላይ አብረን እንዋል» በሉት።

ለእኛ ደግሞ ይሄን እላለሁ። ስለ ወገን እናወራለን፣ ስለ አንድነት እንጽፋለን፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድሩ ግን የሚያብረው ሰው አብሮ ሲቀመጥ ነው። አጠገቡ ያለው ጓደኛው በሃይላንድ ራሱን ሲያጠፋ እያየ የሚያልፍ ወጣት ስለ ሕዝብ ቢጮህ ማን ያምነዋል? ሕዝብ ማለት እኮ ያ ልጅ ነው።

ከኅዳር በሽታ ምን ቀረልን?

ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ዛሬ የስፔን ጉንፋን የሚባለው ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ ነበር። እኛ «የኅዳር በሽታ» አልነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ መከራ የቀረልን አንድ ልማድ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን።

ሰው በልማድ እንጂ በመመሪያ አያስታውስም። መመሪያው አለቀ፣ አዋጁ አለቀ፤ የኅዳር ጭስ ግን መቶ ዓመት ዘለቀ። እና እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው። ከኮሮና ምን ልማድ እናስቀር? ለልጆቻችን የምናስቀረው ሃይላንድ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የእኔ ሐሳብ

የራስ ጣሳ ልማድ ይሁን። ይሄ ንቀት አይደለም። ጥንት የአባወራው ዋንጫ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀው አልነበር? ማን ናቀው? የቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ፣ ሸክላ የሚሠሩ እጆች አሁንም በአካባቢያችን አሉ፤ ከእነሱ ብንገዛ እነሱም ይጠቀማሉ። ኮሮና ቢጠፋ እንኳ ሌላው በሽታ፣ ተቅማጡም ጉንፋኑም፣ በጣሳ ይተላለፋል።

ለጠላ ቤት የሚሆን ደንብ እናውጣ። ቀበሌው እስኪያወጣ አንጠብቅ። በበጋ ፀሐይ አለ። መደቡ ላይ ከመተፋፈግ ደጅ አግዳሚ አውጥቶ መቀመጥ ይቻላል። እትዬ ውኃ የምትቀዳበት ጉልበት ላይኖራት ይችላል፤ እኛ ጉልበት አለን። በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሆነን በቀን አንድ ጀሪካን ውኃ ደጇ ብናደርስ ምን ይጎድልብናል? የክትባትና የማስክ ፖስተር ሼር ከማድረግ ይሄ ይበልጣል።

አረቄ መድኃኒት ነው የሚለውን ወሬ ስታዩ ዝም አትበሉ። ሽማግሌ ቢናገረውም በአክብሮት አስረዱት። የተማርነው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

በዓሉን እናስብበት። በ2013 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነበር። ጾሙም ፍስኩም በአንድ ወር ተገናኙ። የ2012 ዓ.ም. ፋሲካን እቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ነው ያሳለፍነው፤ ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ ሁሉም «ያለፈኝን» ብሎ እንደሚወጣ ይታወቃል። መሰብሰባችን ካልቀረ ደጅ እንሰብሰብ። ለአረጋዊና ለታመመ ሰው ድርሻውን ቤቱ እንውሰድለት። አያቶቻችንን ስመን እንዳንገድላቸው። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለትም የእኛው ሰላምታ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሃይላንድ የያዘ ጓደኛ ካለህ ሂድና አጠገቡ ቁጭ በል። አትስበከው፣ አትስደበው። «ና ቡና እንጠጣ» በለው። ቀሪቦ ካለ ቀሪቦ ይሁን፤ ጠላም ከሆነ መደቡ ላይ፣ ትልልቆች ባሉበት፣ በልኩ ይሁን። «ሥራ አገኘህ?» ብለህ አትጠይቀው። አብሽር በለው። ያ ልጅ አንድ ቀን ከሃይላንዱ ወደ ሰው ከተመለሰ፣ ከመቶ ፖስት የበለጠ ሠርተሃል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የኮሮናን በሽታ ለመንግሥት ሪፖርት እናድርግ፤ የሃይላንዱን በሽታ ግን ለማን ነው የምናሳውቀው? እርስ በርሳችን ነው። በእናንተ ሰፈር ምን እንደተለወጠ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከወግዲም፣ ከከለላም፣ ከሳይንትም፣ ከለጋምቦም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንድ ሰው በስሙ አስቡ። አንድ ጓደኛ። ዛሬ ማታ ደውሉለት።

ቸር ያሰንብተን።